የደረቅ ይዘት ስሌት ምንድን ነው? የውሻ ቆርቆሮ ላይ ያለችው 8 ፐርሰንት

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከሱቅ ሆና ሁለት ፎቶ ላከችልኝ። ልጆቿ ነዝንዘው ነዝንዘው ውሻ አስገቡባት። በአንዱ ፎቶ ላይ በከረጢት የሚሸጠው ደረቁ የውሻ ምግብ አለ፤ ፕሮቲን 26 ፐርሰንት ይላል። በሌላው ላይ በቆርቆሮ የታሸገው እርጥቡ አለ፤ ፕሮቲን 8 ፐርሰንት። «በኪሎ ሲታሰብ ቆርቆሮው የትና የት ይወደዳል። ፕሮቲኑ ግን የዚያን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ይሄ ዝርፊያ አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

አይደለም። ቢሆንም እንኳ በዚህ በኩል አይደለም።

እንጀራ ውሰዱና ፀሐይ ላይ አስጡት። ድርቆሽ ይሆናል። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ የሄደው ውኃው ብቻ ነው። አሁን መቶ ግራም እንጀራና መቶ ግራም ድርቆሽ መዝኑ። ድርቆሹ ውስጥ ያለው ጤፍ ይበልጣል፤ ስለዚህ ፕሮቲኑም በፐርሰንት ሲጻፍ ይበልጣል። ድርቆሽ ከእንጀራ የተሻለ እህል ነው የሚል ሰው ግን አላየሁም።

የደረቅ ይዘት ስሌት ማለት ይኸው ነው። ውኃውን በሐሳብ አውጥቶ የቀረውን ብቻ ከቀረው ጋር ማነጻጸር። ፈረንጆቹ ድራይ ማተር ቤዚስ ይሉታል። የመኖ ባለሙያዎችም እርጥብ ሣርን ከሌላኛው ድርቆሽ፣ ከከብቱ ድርቆሽ ጋር የሚያወዳድሩት በዚሁ ነው።

ወደ ቆርቆሮው እንመለስ። ከፕሮቲኑ ዝቅ ብሎ ሞይስቸር የሚል መስመር አለ፤ የውኃው መጠን ነው። የእሷ ቆርቆሮ 78 ፐርሰንት ይላል። ከመቶ ግራሙ 78ቱ ውኃ ከሆነ የቀረው 22 ግራም ነው። 8ቱ ግራም ፕሮቲን ያለው እዚያ 22 ውስጥ ነው። 8 ለ22 ተካፍሎ በ100 ሲባዛ 36 ፐርሰንት ገደማ ይመጣል። ደረቁ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ 10 ፐርሰንት ነበር። 26 ለ90 ሲካፈል 29 ፐርሰንት ገደማ ነው። ሲሶ አይሞላም የተባለው ቆርቆሮ በልጦ ተገኘ።

ካልኩሌተር ማውጣት ለሚሰለቸው አቋራጭ አለ። ቆርቆሮ ብዙውን ጊዜ ሦስት አራተኛው ውኃ ስለሆነ ቁጥሩን በ4 ማባዛት ነው። ግምት ነው፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ለመወሰን ግን ይሆናል።

ግምት ያልኩት በምክንያት ነው። ውኃው ላይ የሚመጣ ትንሽ ለውጥ ስሌቱን ክፉኛ ያናውጠዋል። ያው 8 ፐርሰንት ፕሮቲን፣ ውኃው 74 ሲሆን 31 ይሆናል፤ ውኃው 82 ሲሆን 44 ይደርሳል። በአሜሪካ ደንብ ተራው የቆርቆሮ ምግብ ውኃው ከ78 ፐርሰንት እንዲያልፍ አይፈቀድም። ግሬቪ፣ ስቱ ወይም ሶስ የሚል ስም የያዘው፣ መረቅ ያለበት ዓይነት ግን ማለፍ ይችላል። ሽሮ ፈሰስና ተጋቢኖ በሉት። ዱቄቱ አንድ ነው፤ ሳህኑ ላይ የሚቀርበው አንድ አይደለም። በዚያ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ወሰን ናቸው እንጂ ልክ አይደሉም። ፕሮቲንና ስብ «ከዚህ አያንስም»፣ ውኃና አሰር (ፋይበር) «ከዚህ አይበልጥም» ተብለው ነው የሚጻፉት። ስለዚህ 36 ወይስ 37 ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ታዲያ 36 ብዙ ነው ትንሽ? እዚህ ላይ አፍኮ ይመጣል። አፍኮ በ1909 የተመሠረተ የአሜሪካ የመኖ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣናት ማኅበር ነው። ማኅበሩ ራሱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይደለም። ምግብ አይመረምርም፣ አያጸድቅም፣ ማኅተምም አይመታም። ሞዴል ደንብ ያወጣል፤ ክፍለ ግዛቶች ያንን ወስደው ሕግ ያደርጉታል። «አፍኮ ያጸደቀው ነው» የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ነገሩን እንደማያውቀው እወቁ። በአፍኮ መመዘኛ የጎልማሳ ውሻ ምግብ ቢያንስ 18 ፐርሰንት ፕሮቲንና 5.5 ፐርሰንት ስብ ሊኖረው ይገባል። ለቡችላና ለእርጉዝ ደግሞ 22.5 እና 8.5 ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ በደረቅ ይዘት የተሰሉ ናቸው። ይህን የማያውቅ ሰው 8ን ከ18 ጋር አስተያይቶ ውሻዬን በረሃብ ልገድለው ነው ብሎ ይደነግጣል።

እኔ ግን ከፕሮቲኑ ይልቅ ዓይኔ የሚያርፈው ስቡ ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ቆርቆሮ ስብ 6 ፐርሰንት ይላል። ስድስት ስትባል ምንም አትመስልም። ለ22 ስትካፈል ግን 27 ፐርሰንት ናት። ደረቁ ምግብ 15 ብሎ ጽፎ በስሌቱ 17 ገደማ ነው። ቆሽቱን ለታመመና ስብ ቀንሱለት ለተባለ ውሻ ይህቺ «ስድስት» ወጥመድ ናት።

ስቡ ሌላም ነገር ያበላሻል። ስብ በግራም ከፕሮቲን እጥፍ በላይ ካሎሪ አለው። ስብ የበዛበትን ምግብ የሚበላ ውሻ ካሎሪው ቶሎ ስለሚሞላ የሚሰጠው መጠን ያንሳል፤ መጠኑ ሲያንስ ፕሮቲኑም አብሮ ያንሳል። ሁለቱን ምግቦች በካሎሪ አሰላኋቸው። በ100 ካሎሪ ቆርቆሮው 8 ግራም ከምናምን፣ ደረቁ 7 ግራም ከምናምን ፕሮቲን ይሰጣል። 36 እና 29 ሲባል ሰፊ የመሰለው ልዩነት ጠበበ። በእኔ ግምት ካሎሪ ከደረቅ ይዘትም የተሻለ ሚዛን ነው። ካሎሪው ማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው፤ ፊደሉ ግን ደቃቅ ነው።

የግብዓት ዝርዝሩም ከዚሁ ከውኃ ጣጣ አያመልጥም። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ከነውኃው ነው። ጥሬ ሥጋ ሦስት አራተኛ ሊሞላ ምንም ያህል የማይቀረው ውኃ ነው። ዶሮ አንደኛ ተጻፈ ማለት ከነውኃዋ ተመዝና አንደኛ ወጣች ማለት ነው። ደርቆ የገባው ዱቄት ከሥር ይሰለፋል። ብልጥ አምራች ደግሞ አተርን «አተር»፣ «የአተር ስታርች»፣ «የአተር ፕሮቲን» ብሎ ሦስት ቦታ ይበትነዋል። ሦስቱ ቢደመሩ ከሥጋው ሊበልጡ ይችላሉ።

ብዙ አሜሪካዊ ዝርዝሩ ላይ ባይ ፕሮዳክት የሚል ቃል ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። በአፍኮ ትርጉም ከታረደ እንስሳ ከሥጋው ሌላ የሚገኘው ንጹሕ ክፍል ነው፦ ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሳንባ፣ ጣፊያ፣ ፈርሱ የወጣለት ጨጓራና አንጀት። ፀጉር፣ ቀንድ፣ ጥርስና ሰኮና አይገባበትም። እንግዲህ ዱለት አዝዞ የሚበላ ሰው በዚህ ሊጠየፍ አይችልም። ጉበት ከብዙ ንጹሕ ሥጋ የበለጠ ቫይታሚን አለው። ቃሉን ሳይሆን ከየትኛው እንስሳ እንደሆነ አለመጻፉን ነው የምጠላው። «የዶሮ» ሲል ደህና፤ ዝም ብሎ «የሥጋ» ሲል ግን ዛሬ የከብት፣ ነገ የአሳማ ሊሆን ይችላል።

የፊት ለፊቱ ስምም ሕግ አለው። በደፈናው «ቢፍ» ብሎ የተሰየመ ምግብ፣ ለማቀነባበሪያ የተጨመረውን ውኃ ሳይቆጥር 95 ፐርሰንቱ የበሬ ሥጋ መሆን አለበት። «ቢፍ ዲነር» (የበሬ ሥጋ ራት) ካለ 25 ፐርሰንት ይበቃል። «ዊዝ ቢፍ» (ከበሬ ሥጋ ጋር) ካለ 3 ፐርሰንት። «ቢፍ ፍሌቨር» (የበሬ ሥጋ ጣዕም) ካለ ውሻው ጣዕሙን ከለየ በቂ ነው። በአንዲት ቃል የተነሳ ከ95 ወደ 3!

አሁን ስሌቱ ራሱ ወደማይደርስበት ነገር ልምጣ። 36 ፐርሰንት ፕሮቲን ስንል ማን ለካው? መለያው «ክሩድ ፕሮቲን» ይላል፤ ጥሬ ግምት እንደማለት ነው። ቤተ ሙከራው በተለምዶ የሚለካው ፕሮቲንን ሳይሆን ናይትሮጅንን ነው። ዘዴውን በ1883 ያወጣው ዴንማርካዊው ዮሐን ኬልዳል፣ ኮፐንሃገን ውስጥ የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ባልደረባ ነበር። ፕሮቲን 16 ፐርሰንት ያህል ናይትሮጅን ስለሆነ የተገኘው ናይትሮጅን በ6.25 ይባዛል። ናይትሮጅኑ ከሥጋ ይምጣ ከሌላ፣ ዘዴው አይጠይቅም።

ይህንን ቀዳዳ ያወቁበት ሰዎች ነበሩ። በመጋቢት 2007 እንደ ፈረንጆቹ፣ ሜኑ ፉድስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ 60 ሚሊዮን ገደማ ቆርቆሮና ከረጢት የውሻና የድመት ምግብ ከገበያ ሰበሰበ። አብዛኛው ሥጋው ተቆራርጦ በግሬቪ የሚታሸገው ዓይነት ነበር። ከቻይና የመጣው የስንዴ ግሉተን (ከስንዴ የሚወጣ ፕሮቲን) ውስጥ ሜላሚን ተገኘ፤ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል። ሜላሚን ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። በኬልዳል ዘዴ ብቻውን ቢለካ ከ400 ፐርሰንት በላይ «ፕሮቲን» ያሳያል። በእንስሳቱ ኩላሊት ውስጥ ከሌላ ኬሚካል ጋር ተዋህዶ እንደ ጠጠር ረጋ፤ ብዙ ውሾችና ድመቶች ሞቱ። ወረቀቱ ላይ ግን ፕሮቲኑ ሙሉ ነበር።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ ስሌቱን ሠርታ፣ ቆርቆሮው በለጠ ብላ ደስ ብሏት አንድ ካርቶን ልትገዛ ስትል፣ ቆርቆሮውን አዙረሽ ከኋላ ያለችውን ደቃቅ ዓረፍተ ነገር አንብቢልኝ አልኳት። አሜሪካ ውስጥ የውሻ ምግብ ሙሉና የተመጣጠነ መሆኑን የሚናገረው እዚያ ነው። ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነ፣ በቀመር ብቻ ይሁን ወይስ ውሾች በልተውት በተፈተነ ማስረጃ፣ አብሮ ይጻፋል። ፈተናው ለጎልማሳ ውሻ 26 ሳምንት ይፈጃል፤ በ8 ውሾች ይጀመራል፣ ቢያንስ 6ቱ መጨረስ አለባቸው። እንደ ትልቅ ጥናት አትዩት፤ ግን ከምንም ይሻላል።

አነበበችልኝ። አልፎ አልፎ ወይም ከሌላ ምግብ ጋር ብቻ የሚሰጥ ይላል። ካልሲየም፣ ቫይታሚን፣ ሌላው ሁሉ የተሟላ አይደለም ማለት ነው። 36 ፐርሰንቱ ይህን አይናገርም።

ካርቶኑን መለሰችው። ሁለት ቆርቆሮ ብቻ ይዛ ወጣች፤ አሁን በማንኪያ እየጨለፈች ደረቁ ላይ ጣል ታደርግለታለች። ማባያ ሆነ።