«ኦብጀክቱን ሊስቱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ እኮ!»

ይህችን አባባል በጃቫ የዌብ ፎርም ከሚሠሩ ፕሮግራመሮች ስንቴ እንደሰማኋት። ፕሮግራመሩ የሥራ ክፍሎችን ዝርዝር ከዳታቤዝ ያመጣል (እያንዳንዱ ክፍል አንድ ኦብጀክት፣ ማለትም ጃቫ ውስጥ መረጃ የያዘ አካል ነው)፣ ፎርሙ ላይ መምረጫ አድርጎ ይደረድረዋል፣ ስሞቹም በትክክል ይታያሉ። ተጠቃሚው መርጦ ሲልክ ግን ስህተት ይመጣል። ከዚያማ ጥፋቱ የፍሬምወርኩ (ፕሮግራሙ የተሠራበት ዝግጁ ማዕቀፍ) ይሆናል!

ብሮውዘር የእናንተን የጃቫ ኦብጀክት አያውቅም። የሚያውቀው ጽሑፍ ነው። ገጹ ላይ የሚደርሰው ለዓይን የሚታየው ስምና ቫልዩ (ምርጫው ሲላክ የሚሄደው ጽሑፍ) ላይ የተቀመጠው መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ፎርሙ ሲላክ ሰርቨሩ ጋ የሚደርሰው «ክፍል=7» ነው። ያቺን 7 ወደ ኦብጀክት የሚመልሳት ኮንቨርተር የሚባለው መቀየሪያ ኮድ ነው።

«ቱስትሪንግ ጽፌያለሁ፣ ይበቃል።» አይበቃም። ቱስትሪንግ ኦብጀክቱን ወደ ጽሑፍ ይቀይራል እንጂ ከጽሑፍ አይመልስም።

«ቫልዩ ካልሰጠሁት ባዶ ይላካል።» አይደለም፣ የሚታየው ስም ራሱ ይላካል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ «ኮንቨርተሩን ጻፍኩ፣ አለቀ።» አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጄኤስኤፍ በሚባለው የጃቫ ዌብ ፍሬምወርክ ሲሠራ ዲበገሩን (ኮዱ ሲሠራ ውስጡን የሚያሳየውን መሣሪያ) ከፍቶ አሳየኝ። ቁጥሩ 7፣ ስሙም ልክ፣ ኮንቨርተሩም ሥራውን ሠርቷል። ገጹ ግን «ቫልዩው ትክክል አይደለም» እያለ ድርቅ ብሏል። ክላሱን (ኦብጀክቱ የሚሠራበትን ንድፍ ኮድ) ክፈት አልኩት። ኢኩዋልስ፣ ሁለት ኦብጀክቶች እኩል መሆናቸውን የሚወስነው ኮድ፣ የለም!

ነገሩ እንዲህ ነው። ጄኤስኤፍ የተመለሰውን ኦብጀክት ዝም ብሎ አይቀበልም፤ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን በኢኩዋልስ ያጣራል። የባልደረባዬ ዝርዝር ገጹ ለሰርቨሩ በሚልከው በየጥያቄው ከዳታቤዝ እንደ አዲስ ይመጣል፣ ኮንቨርተሩም የራሱን ኦብጀክት ያመጣል። ሁለቱ ቁርጥ መንትያ ናቸው፤ ኢኩዋልስ ካልተጻፈ ግን ጃቫ የሚያያቸው እንደ ባዕድ ነው፣ ምክንያቱም ሜሞሪ ላይ ያላቸው ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ኢኩዋልስን በመለያ ቁጥሩ ጻፉት፣ ሃሽኮድንም (ኦብጀክቱን በቁጥር የሚወክለውን ኮድ) አብራችሁ። ሃይበርኔት (ጃቫን ከዳታቤዝ የሚያገናኘውን መሣሪያ) የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ኢኩዋልስ ውስጥ ክላሳቸውን በጌትክላስ (የኦብጀክቱን ትክክለኛ ክላስ በሚነግረው) አታወዳድሩ። አንዳንዴ የሚመጣላችሁ ፕሮክሲ፣ ማለትም በኦብጀክቱ ፋንታ የሚቆም ተወካይ፣ ስለሆነ ክላሱ ሌላ ነው። ተወካዩንም የዚያው ክላስ ዓይነት አድርጎ የሚቀበለው ኢንስታንስኦፍ ይሻላል።

«ይምረጡ» የምትለዋን የመጀመሪያ መስመርም አትርሱ። ቫልዩዋን ባዶ ካደረጋችኋት ኮንቨርተሩ ጋ ባዶ ጽሑፍ ሊደርስ ይችላል። ቁጥር ላድርገው ብሎ ከሚወድቅ ናል (ምንም የለም ማለት ነው) ይመልስ።

«ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር ማን ይልካል?» የፈለገ ሰው። ብሮውዘሩ ላይ ኢንስፔክት ብሎ 7ን 12 ማድረግ ሰከንድ አይፈጅም። በስፕሪንግ (ሌላው የጃቫ ፍሬምወርክ) የጻፋችሁት ኮንቨርተር 12ን ከዳታቤዝ አምጥቶ ያስረክባል፤ ለዚያ ተጠቃሚ የተፈቀደ ምርጫ መሆኑን ግን አይጠይቅም። ማጣሪያውን ሰርቨሩ ላይ ራሳችሁ ጻፉት።