ፍትሕና ፍትሐት፦ በአባቴ ሙት ዓመት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሰሞኑን የአባቴን ሙት ዓመት አሰብን። ቤታችን ኮተቤ ጫፍ፣ ባሕር ዛፉ ከሰፈሩ ጋር በሚገናኝበት ዳገት ላይ ነው። የእድሩ ድንኳን ተተከለ፤ ካህናቱ ጸሎቱን አደረሱ፤ ነዳያኑ በልተው ጠጥተው መርቀው ሄዱ። ሲመሽ የንስሐ አባታችንን ለመሸኘት እስከ በሩ ወጣሁ። መስቀላቸውን ካሳለሙኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ ፍትሐት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። «ለሞተ ሰው የሚደረግ ጸሎት» አልኳቸው። «እርሱማ ነው፤ ቃሉስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «የጠበቃ ልጅ ሆነህ!» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣም። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታ ማለት ነው፤ ፈረደ ማለትም ነው። የታሰረውን የሚፈታ ሰውና በተጣሉት መካከል የሚፈርድ ሰው በአንድ ግሥ ይጠራሉ። ፍትሕ ከዚያ ወጣ፤ ፍትሐት ከዚያ ወጣ፤ ፍትሐ ነገሥትም ከዚያው ነው። ከቅዳሴ በኋላ «አባ ይፍቱኝ» ስንልና «እግዚአብሔር ይፍታህ» ስንባል የምንሰማው ቃል፣ ሰው በችሎት ፊት ቆሞ የሚጠይቀው ቃል ነው። ዕድሜዬን ሁሉ ሁለቱን ለየብቻ ሳስባቸው ኖሬአለሁ። አንዱ የቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው የፍርድ ቤት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ግን እንዲህ አላሰበም። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ፣ በድቁና አገልግሎ፣ ኋላ ሕግ የተማረ ሰው ነበር። በጠረጴዛው ላይ ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አጠገብ ፍትሐ ነገሥት አይጠፋም ነበር። ይህ መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። አንቀጾቹ 51 ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 የመንፈሳዊው፣ የቀሩት 29 የሥጋዊው ናቸው። አባቴ መጽሐፉን በእጁ ይዞ፣ «ተመልከት፣ ጥራዙ አንድ ነው» ይለኝ ነበር። ስለ ጾምና ስለ ጸሎት የሚናገረው፣ ስለ ውርስና ስለ ብድርም ከሚናገረው ጋር አንድ ላይ ተሰፍቷል።

ጻድቁ ኢዮብ ስለ ደጉ ዘመኑ ሲናገር፣ «ለድሀው አባት ነበርሁ፥ የማላውቀውንም ሰው ሙግት መረመርሁ» ይላል (ኢዮብ 29፥16)። አባትነትና ጥብቅና በአንድ ቁጥር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ደግሞም ኢዮብ «አዘንሁለት» ብቻ አላለም፤ «መረመርሁ» አለ። ይህን ቃል ሳላስተውለው ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። መመርመር ማለት ምን እንደ ሆነ ግን በዐሥራ አንድ ዓመቴ በዓይኔ አይቼው ነበር።

ከእኛ ወረድ ብለው የሚኖሩ አንዲት እናት ነበሩ። ባላቸው ሲያርፉ የባል ዘመዶች ተነሡና፣ «ሠራተኛ እንጂ ሚስት አልነበረችም» ብለው ከግቢው ሊያስወጧቸው ፈለጉ። እማማ የጋብቻ ወረቀት አልነበራቸውም። ራፖር ጸሐፊ ዘንድ ሄደው ገንዘብ ከፍለው ያጻፉት አቤቱታም ልቅሷቸውን እንጂ ማስረጃቸውን አልያዘም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት ባይኖር እንኳ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውና ቤተሰብም ጎረቤትም እንዲሁ የሚያውቃቸው መሆኑ ጋብቻውን እንደሚያስረዳ ይናገራል። ሕጉ አለ፤ ማስረዳቱ ነው የቀረው።

አባቴ ያን እሑድ እንጦጦ ሊወስደኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከቅዳሴ መልስ የወሰደኝ ግን እድሩ ቤት ነው። አኩርፌ አንድ ጥግ ተቀመጥሁ። ጸሐፊው ያረጁ ደብተሮች አወጡለት፤ አይጥ የቀመሳቸው፣ ውኃ ያረጠባቸው ነበሩ። አባቴ ስም በስም፣ ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመረ። የሚፈልገውን ሳያገኝ መሸ። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሄድን። ዓይኑ ደክሞት ስለ ነበር «ና፣ ገጹን ግለጥልኝ» አለኝ፤ ኩርፊያዬም ያን ጊዜ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ነው ያገኘው። ሟቹ ወደ እድሩ ሲገቡ ቤተሰባቸውን ያስመዘገቡበት መስመር ላይ፣ ከስማቸው ሥር የእማማ ስም፣ ከእማማ ስም ፊት ለፊት ደግሞ «ባለቤት» የሚል ቃል ነበር።

አባቴ ደብተሩን ዘግቶ አማተበ። ሌላ ምንም አላለም።

ፍርዱ በተሰማ ቀን እማማ እልል ሊሉ ሲሉ ችሎት መሆኑ ትዝ አላቸውና አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ኢዮብ በዚያው ምዕራፍ፣ «የባልቴቲቱንም ልብ እልል አሰኘሁ» ይላል። ከአፍ ሳይወጣ በልብ የቀረ እልልታ እንዴት ያለ እንደ ሆነ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ «ስለ መበለቲቱም ተሟገቱ» ብሎ ያዘዘው ለጠበቆች ብቻ አይደለም፤ መልካም መሥራትን ለሚማር ሁሉ ነው (ኢሳ. 1፥17)። እኛ ግን ለመበለቲቱ በቸገራት ቀን አንድ ኩባያ ስኳር ሰጥተን፣ ሙግቷ ሲመጣ «ከዘመድ ጠብ አልገባም» እንላለን። ስኳሩ መልካም ነው። ነገር ግን ማሰሪያዋ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

ድሀ ስለ ሆነ ብቻ አባቴ ጉዳዩን ይዞ የቆመለት ሰው የለም። ኦሪት ጉቦን እንደ ከለከለች ሁሉ፣ በፍርድ ለድሀ ማዳላትንም ከልክላለች (ዘጸ. 23፥3)። ያጠፋ ድሀ ሲመጣ ቡና አስፈልቶ፣ አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ወንድሜ፣ በዚህ ነገር በደለኛው አንተ ነህ፤ ና እናስታርቅህ» ይለው ነበር። አንዳንዱ ተቆጥቶ ይሄዳል። አባቴ ቡናውን ሳይጨርስ የሄደውን ሰው አይረሳም፤ በሳምንቱ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቀዋል። የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድሀ በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ይል ነበር። አባቴ ሰዓቱን ሲቆጥር አላየሁትም።

በቤትም ይኸው ነበር። እኔና ወንድሜ ስንጣላ አባቴ ሁለታችንንም ያስቆመንና መጀመሪያ እኔ የወንድሜን፣ ወንድሜ ደግሞ የእኔን ነገር እንድንናገር ያዛል። ወንድሜ «አጣምሞ ተናገረብኝ» ካለ እንደገና እጀምራለሁ። ትክክለኛ ነው እስኪል ድረስ የራሴን ነገር መናገር አልችልም። ብዙ ጊዜ የወንድሜን ነገር ጨርሼ ወደ ራሴ ስመጣ የምለው አይኖረኝም ነበር። መጽሐፍ ስለ እግዚአብሔር ቃል «ለልጆችህም አስተምረው፥ በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው» ይላል (ዘዳ. 6፥7)። «ተጫወተው» ነው ያለው። አባቴ ስብከት አላበዛብንም፤ ያጫውተን ነበር።

የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበርና በየወሩ በ12 ቀን ጽዋው ሲነሣ፣ ከራእይ ምዕራፍ 12 ስለ ቅዱስ ሚካኤል የተጻፈውን ያነብ ነበር። እዚያው ምዕራፍ ላይ ሰይጣን «የወንድሞቻችን ከሳሽ» ተብሏል። ወገኖቼ፣ በየስልካችን በወንድም ላይ የምንጽፈውን ሳይ እፈራለሁ። የማን ሥራ ነው የምንሠራው? የባላጋራችንን ነገር እርሱ ራሱ «ትክክል ነው» እስኪል ድረስ ተናግረንለት እናውቃለን?

ስለ ተዝካርም አንድ ነገር ልበል። ቤተ ክርስቲያን በ3፣ በ7፣ በ12፣ በ30፣ በ40፣ በ80፣ በመንፈቅና በዓመት ሙታንን እንድናስብ ሠርታልናለች። አንዳንዶቻችን ግን ሥርዓቱን ተበድሮ የመደገስ ፉክክር አደረግነው። ሟቹ ሲፈታ የኖረውን ማሰሪያ እኛ በስሙ በቤተሰቡ አንገት ላይ እናስራለን። ይህ ያሳዝነኛል። ሐዋርያው ዋኖቻችሁን አስቡ ሲል፣ «የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ብሏል (ዕብ. 13፥7)። መታሰቢያው ከድንኳኑ ጋር ተነቅሎ የሚሄድ አይደለም።

ከአባቴ ቀብር በኋላ ያላለቁ ጉዳዮች በመሳቢያው ውስጥ አገኘን። አንዱ የአንድ የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ግንባታ ላይ ወድቆ እግሩ የተሰበረ። በሽፋኑ ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ «እንዳይዘገይ» ተብሎ ተጽፏል። የአባቴ የሥራ ባልደረባ የሆኑ ጠበቃ ጉዳዩን ያለ ክፍያ ሊይዙት ፈቀዱ፤ አዲስ ውክልና ግን ያስፈልጋል። የሰውየው ስልክ አይሠራም። ፍለጋው ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። በመጨረሻ የካ አባዶ፣ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ፣ አንድ ጅምር ቤት ሲጠብቅ አገኘሁት። አባቴ ማረፉን አልሰማም ነበር። ስነግረው ከተቀመጠበት ድንጋይ እያነከሰ ተነሣና ባርኔጣውን አወለቀ።

ወረቀቶቹን እንደ አባቴ ልማድ አንድ በአንድ ቆጥሬ አሳየሁት፤ የት ሄዶ ማንን እንደሚያገኝም ነገርኩት። ስለ ካሳው ምንም አልጠየቀኝም።

«የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?» አለኝ።

«ወልደ ሚካኤል» አልኩት።

እንዳይጠፋበት ሁለት ጊዜ ደገመው። «እግዚአብሔር ይፍታልን» አለና ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልሎ በኮቱ ውስጥ አስገባቸው።