«60 ቀን» ማለት 60 ቀን አይደለም

«የዘሩ ፓኬት 60 ቀን ይላል፤ እኛ ጋ ውርጭ የሌለበት ጊዜ 90 ቀን ነው። ታዲያ ቲማቲሜ ለምን ሳይቀላ ቀረ?» ብርድ ቦታ አትክልት የሚያለማ ሰው ይህን ሳይጠይቀኝ ያለፈበት ዓመት የለም። ስንት ጊዜ እንደመለስኩ ቤት ይቁጠረው።

የቲማቲምና የቃሪያ ቀን የሚቆጠረው ዘሩ ከተዘራበት ሳይሆን ችግኙ መደብ ላይ ከተተከለበት ዕለት ነው። ከዚያ በፊት ቤት ውስጥ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ከርሟል። የካሮት፣ የአተርና የፎሶሊያ ግን ከተዘሩበት ይቆጠራል። ፓኬቱ ይህን አንዳንዴ በደቃቁ ይጽፈዋል፣ አንዳንዴም ዝም ይላል።

በዚያ ላይ ቁጥሩ ሙቀት ላገኘ ተክል የወጣ ነው። ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች ባለው ብርድ ማደጉን ያቆማል ማለት ይቻላል። ሳምንቱን ሙሉ ሲበርደው ከሰነበተ ለእናንተ 7 ቀን አለፈ፤ ለእሱ ግን ሁለት ሦስት ቀን ቢሆን ነው። ስለዚህ እኔ ፓኬቱ ላይ ሁለት ሳምንት ጨምሬ ነው የማስበው። ይህን የተማርኩት በራሴ ኪሳራ ነው፦ የመጀመሪያው ዓመት በሥዕሉ ተታልዬ የ80 ቀን ትልልቅ ቲማቲም ተከልኩ። ውርጩ ሲደርስ ከ11 ተክል አንድም የቀላ ፍሬ አልነበረም። አረንጓዴዎቹን ለቅሜ ጋዜጣ ላይ ዘረጋኋቸው፤ ቀሉ፣ ጣዕማቸውን ግን አትጠይቁኝ። በዓመቱ የ55 ቀን ትንንሽ ፍሬ ተከልኩና እስኪሰለቸኝ በላሁ።

«ውርጭ ሁሉንም ይገድላል» ይላሉ። ዱባና ፎሶሊያ እውነትም በአንድ ሌሊት ይጠቁራሉ። ጎመንና ካሮት ግን በብርዱ ስኳር ስለሚያከማቹ ጭራሽ ይጣፍጣሉ።

«ቀድሞ የዘራ ቀድሞ ይበላል።» ለአተር ይሠራል፤ አፈሩ 5 ዲግሪ ከሆነለት ይበቅላል። ፎሶሊያ ግን 15 ያልደረሰ እርጥብ አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። ቸኩላችሁ ሁለቴ ልትዘሩ ነው።

አበባ የያዘ ትልቅ ችግኝ ጊዜ አይቆጥብም፤ ሥሩ ዕቃው ውስጥ ታጭቆ ስለቆየ ሲተከል ደንግጦ ይቆማል። አጭር፣ ግንዱ ወፈር ያለውን ውሰዱ።

«ብርድ ቦታ የበቀለ ሁሉ ይቀጭጫል» የሚለውን ደግሞ ለአላስካ ገበሬዎች ንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከ62 ኪሎ በላይ የሚመዝን ጥቅል ጎመን ለውድድር ቀርቦባታል። ወቅቱ ቢያጥርም የበጋው ቀን ረጅም ነው፣ ጎመኑም ብርሃኑን ይጠቀምበታል። ያው ረጅም ቀን ስፒናችን ያለጊዜው የአበባ አገዳ ያስወጣዋል፤ እሱን ወይ በጣም ቀድማችሁ፣ ወይ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ዝሩት።