«ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም» ለምትሉ አድሚኖች

ባለፈው ሳምንት በካርታ በጎ ፈቃደኞች የቴሌግራም ግሩፓችን አንዱ «ሴቶቹ ግን የት ገቡ?» ብሎ ጠየቀ። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መልሱ መጣ፦ «ፍላጎት የላቸውም፤ ምን ይደረግ።» አውራ ጣቱ ተደረደረለት። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በስልክ ብርሃን ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር ያነበብኩት። ስድስት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ነገር ስለሆነ መልስ ጀመርኩ፣ ለግሩፕ ረዘመብኝ።

ከትናንሾቹ ልነሳ።

«ቴክኒኩ ይከብዳቸዋል።» ኦፕንስትሪትማፕ ላይ (ማንም ሰው የሚያክልበትና የሚያርመው፣ እኛም የምንሠራበት የኢንተርኔት ካርታ ነው) ቤት መሳል ማለት በሳተላይት ፎቶው ላይ የጣሪያውን አራት ማዕዘን ተከትሎ መንካት ነው። ጥልፍ የሚጠልፍ እጅ ይህ ያቅተዋል የምትሉ ከሆነ ጥልፍ ሲጠለፍ አይታችሁ አታውቁም።

«ወንዶቹም ይሰደባሉ እኮ።» ይሰደባሉ። እነሱ «መንገዱን አጣመምከው» ይባላሉ። እኔ «ማን ሠራልሽ?» ተብያለሁ።

«ኢንተርኔት ላይ ፆታ አይታይም።» ይህን የሚል ሰው አማርኛ እየተናገረ መሆኑን ረስቷል። «ሠራሁ»፣ «አረምኩ» ስል ወንድ ልሁን ሴት አይታወቅም፤ እውነት ነው። ሊያናግሩኝ ሲፈልጉ ግን ወይ «አንተ» ወይ «አንቺ» ነው። («እርስዎ» አለ፤ ቴሌግራም ላይ ማን እርስዎ ይባባላል?) የመገለጫ ስሜ የብሎካችን ቁጥር ስለነበር የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት «ወንድሜ» ነበርኩ። «ወንድሜ፣ ይሄ አስፋልት አይደለም፣ ኮብልስቶን ነው» ይሉኛል፣ አስተካክዬ እቀጥላለሁ። አንድ ቀን «አንቺ በሉኝ» አልኩ። በዚያው ሳምንት ያው አራሚዬ «እህታለም፣ አንቺ አትድከሚ፣ እኔ አስተካክልልሻለሁ» ብሎ የሳልኩትን ሁሉ አጥፍቶ በራሱ ስም እንደገና ሳለው። ኢንቦክስ ደግሞ «የት ሠፈር ነሽ?» የሚሉ ሦስት ሰዎች ገቡ። የካርታ ግሩፕ ስለሆነ ጥያቄው የሙያ ሊመስላችሁ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው፤ «ፍላጎት የላቸውም»።

ፍላጎት የሌለው ሰው አይመዘገብም። ሴቶቹ ይመዘገባሉ፤ ስልጠና ላይ አዳራሹን ሞልተው የተነሱትን ፎቶ የምትለጥፉት እናንተው ናችሁ። የሚሄዱት ከገቡ በኋላ ነው። እንግዳ ቡናውን ሳይጠጣ ተነስቶ ሲወጣ «ቡና አይወድም» አይባልም፤ ምን ብላችሁት ነው ይባላል እንጂ።

አንዲት ጎረቤቴን እኔው ነኝ ያስገባኋት። ዓመት ያልሞላው ልጅ አላት። እሱን አዝላ ሁለት ሳምንት ሠፈሩን ዞረች፤ ወፍጮ ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የምታውቀውን ሁሉ አስገባች። አንድ የሕፃናት ማቆያም ምልክት አደረገች። በማግስቱ ተሰርዞ አገኘችው። የሰረዘው ነባር አባል ምክንያቱን በአንድ መስመር ጽፏል፦ «መዋለ ሕፃናት የሚል መለያ አለ፤ ይበቃል።» (መለያ ማለት ካርታው ላይ ያለ ቦታ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ቃል ነው።) ልዩነቱን የማያውቅ ልጅ አድርሶ የማያውቅ ሰው ነው። መዋለ ሕፃናት የአራት ዓመት ልጅ ይቀበላል፤ ማቆያ የስድስት ወር ሕፃን ከነጡጦው ተቀብሎ እናቱ ከሥራ እስክትመለስ ይይዛል። ይህን ስታስረዳ «ዊኪውን አንብቢ» ተባለች፤ የካርታውን የመመሪያ ገጾች ማለታቸው ነው።

ይኸው ክርክር ከእኛ በፊት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2011 ለሕፃናት ማቆያ የራሱ መለያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ለኦፕንስትሪትማፕ አባላት ድምፅ ቀርቦ ወደቀ። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ያው የጎረቤቴ ሰራዥ የጻፈው ነው፤ መዋለ ሕፃናት አለ። ለመጠጥ ግን ባር ለብቻ፣ ፐብ ለብቻ፣ የምሽት ክበብ ለብቻ መለያ አለው። ሴቶችን እንናቅ ብሎ የተሰበሰበ ሰው የለም። እጅ ያወጡት ሰዎች ባርና ፐብን በደንብ ይለያሉ፣ በቃ። የማቆያው መለያ ኋላ ላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ የእኛ ሰው ግን አልሰማም መሰለኝ።

ጎረቤቴ ከግሩፑ ስትወጣ «ጊዜ አጣሁ፣ ይቅርታ» ብላ ጻፈች። አድሚኖች የሚመዘግቡት ይህችን ነው። ይሉኝታ የሚባል ነገር የማናውቅ ይመስል! «አናደዳችሁኝ» ብሎ የሚወጣ ሐበሻ የት አይታችኋል? እውነቱን የነገረችኝ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ስጠይቃት ነው።

«ብዙ ስልጠና ብንሰጥ ይስተካከላል» የሚሉም አሉ። የዊኪፔዲያን ታሪክ ይዩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ከአዘጋጆቹ መካከል ሴቶች ከመቶ 13 እንደማይሞሉ መነጋገሪያ ሲሆን፣ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ዳይሬክተር የነበረችው ሱ ጋርድነር በ2015 ከመቶ 25 እናደርሳለን ብላ ግብ አስቀመጠች። አልደረሰም። በሩ ሳይሆን ቤቱ ነበር ችግሩ።

«ሥራው ጥሩ ከሆነ ማንም አይሰርዘውም» ለሚሉት ደግሞ ካናዳዊቷ የፊዚክስ ሊቅ ዶና ስትሪክላንድ አለችላቸው። በግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ስለ እሷ የተጻፈው ረቂቅ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ታዋቂነቷን አያሳይም ተብሎ ተመለሰ፤ በጥቅምት የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመች።

«እኛ ደንብ አለን።» ዊኪሚዲያም በ2021 ለሁሉም ፕሮጀክቶቹ የሥነ ምግባር ደንብ ይፋ አድርጓል፤ ጥሩ ነው። እኛም ጋ ደንቡ ከግሩፑ አናት ላይ ፒን ተደርጓል። ፒን ያደረገው «ማን ሠራልሽ?» ያለኝ ሰው ነው።

እሺ፣ ምን እናድርግ ካላችሁ፦ የአዲስ ሰው ሥራ ስትሰርዙ መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀጥላችሁ ሰርዙ። «ማን ሠራልሽ?» ሲባል የተናገረውን እዚያው፣ ሁሉም እያየ አርሙት፤ በኢንቦክስ «ተይው፣ እሱ እንደዚያ ነው» እያላችሁ እኛን አታባብሉ። ቅሬታ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ቃለ ጉባኤና ፖስተር በተራ ይሁን፤ ስድስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፣ እጄ ዝሏል። ስብሰባውን ደግሞ ቦሌ ከምሽቱ 12 ሰዓት አታድርጉት። 2 ሰዓት ሲያልቅ እናንተ ማኪያቶ ታዛላችሁ፣ እኔ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቦርሳዬን በደረቴ አቅፌ እቆማለሁ። ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ምን አለበት? አንዳንዴም ወደ እኛ ኑ፤ ካርታው ላይ ባዶ የሆነው ቦሌ አይደለም። የሄደችውንም አንድ ጊዜ ጠይቃችሁ አትተዉ። ሦስት ጊዜ ጠይቁ፤ የሚጠይቃት ግን ሥራዋን የሰረዘው ሰው አይሁን።

የሕፃናት ማቆያው አሁን ካርታው ላይ አለ። መልሼ ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አልተመለሰችም።