የበኩር አልበም ምንድን ነው? በሴት ድምፃዊት የሚመሩ የኢንዲ ሮክ ባንዶች ሲጀምሩ

የበኩር አልበም ማለት አንድ ባንድ በስሙ ያወጣው የመጀመሪያው ሙሉ ሥራ ነው። ባንዱ ከዚያ በፊት ነጠላ ዜማዎችን ለቆ ሊሆን ይችላል፤ አራት ወይም አምስት ዘፈን የያዘ፣ ኢፒ የሚባል አጭር ሥራም አሳትሞ ሊሆን ይችላል። እነዚህ አይቆጠሩም። አልበም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዘፈን የያዘና ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚሄድ ነው። ልኩን የወሰነው ሸክላ ነው። ኮሎምቢያ የተባለው ኩባንያ በ1948 ያወጣው ባለ ረጅም ጊዜ ሸክላ በአንድ ገጹ ከሃያ ደቂቃ ጥቂት በላይ ይይዝ ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ሙዚቃ በስልክ ሲሰማ እንዲህ ያለ ወሰን የለም፤ ልማዱ ግን እንዳለ ቀርቷል።

ትርጉሙ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ፣ አንድ ወጣት ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሙዚቃ ወዳዱ ጆሮውን የሚያቆመው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው ዘፈኖቹ ከየት እንደመጡ በማወቅ ላይ ይመስለኛል። በበኩር አልበም ውስጥ ያሉት ዘፈኖች ለአድማጩ አዲስ ይሁኑ እንጂ ለባንዱ አርጅተዋል። በትንንሽ አዳራሾችና በመጠጥ ቤት መድረኮች ዓመታት ሲዘፈኑ ቆይተዋል። ሰው ፊቱን ያዞረበት ስንኝ ተጥሏል፣ የተንዛዛው መግቢያ አጥሯል፣ ደካማው ዘፈን በጊዜው ተረስቷል። ወደ ስቱዲዮ የሚገባው ከዚህ ወንፊት የተረፈው ነው።

የለንደኑ ባንድ ዎልፍ አሊስ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ድምፃዊቷ ኤሊ ራውሰልና ጊታሪስቱ ጆፍ ኦዲ በ2010 ሁለት ሆነው ጀመሩ፤ ቤዝ ጊታሩና ድራሙ በኋላ ተጨመሩ። የበኩር አልበማቸው «ማይ ላቭ ኢዝ ኩል» የወጣው ግን በ2015 ነው። በመካከሉ ሁለት ኢፒ አሳትመዋል። «ብሮስ» የተባለውን ዘፈን በ2013 በነጠላ ለቀውት ነበር፤ ለአልበሙ ሲሉ እንደገና ቀዱት። ሁለቱን ቅጂዎች አከታትሎ ማድመጥ ስለ በኩር አልበም ከሚጻፍ ማንኛውም ሐተታ የበለጠ ያስተምራል፤ ይህንንም ጽሑፍ ጨምሮ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ «ኢንዲ» (ኢንዲፔንደንት፣ ማለትም ገለልተኛ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ያጠረ) የሚለው ቅጽል የተወለደው ከገንዘብ ነውና። ቃሉ ሲጀመር ጥያቄው ሸክላውን ማን ከፍሎ አሳተመው የሚል ነበር፤ የጊታሩ ድምፅ ምን ይመስላል የሚለው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። በ1977 መጀመሪያ ላይ የማንቸስተሩ ባንድ ባዝኮክስ 500 ፓውንድ ገደማ ተበድሮ አራት ዘፈን የያዘ ኢፒ በራሱ አሳተመ። መጀመሪያ የታተመው አንድ ሺህ ቅጂ ብቻ ነበር። በሽፋኑ ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳና ጊታር ተደርቦበት እንደሆነ ወይም እንዳልሆነ ተጽፏል። ትልቅ ኩባንያ እንዲህ ያለውን የጓዳ ምሥጢር ሸፍኖ ይይዛል፤ እነዚህ ግን አደባባይ አወጡት። ሸክላውን የገዛው ወጣት ከሙዚቃው ጋር የአሠራሩንም መንገድ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

ለንደን ውስጥ ደግሞ በ1976 ራፍ ትሬድ የሚባል የሸክላ መደብር ተከፍቶ ነበር። መደብሩ በ1978 ራሱ አሳታሚ ሆነ። በዓመቱ ካሳተማቸው ሥራዎች አንዱ የሬይንኮትስ የበኩር አልበም ነው። ባንዱን የመሠረቱት በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተገናኙት ፖርቱጋላዊቷ አና ዳ ሲልቫና ጂና በርች ናቸው። በአልበሙ ቀረጻ ጊዜ አራቱም አባላት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ቫዮሊን ትጫወታለች። ቫዮሊኑና ጊታሩ አንዳንዴ ይጋጫሉ፣ ምቱ ይፈጥናል ይዘገያል፣ ድምፆቹ አንዱ በሌላው ላይ ይወጣሉ። በስህተት የቀረ የሚመስለው ሁሉ ደጋግሞ ሲሰማ ያለ እሱ ዘፈኑ የማይቆም ሆኖ ይገኛል። ተስተካክሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

አልበሙ ከጊዜ በኋላ ከገበያ ጠፋ። ከአሥር ዓመት በላይ አልፎ የአሜሪካው ሮክ ባንድ የኒርቫና ድምፃዊ ከርት ኮቤይን ያረጀበትን ቅጂ የሚተካለት ፍለጋ ወደ ራፍ ትሬድ መደብር ሄደ። እዚያ አልተገኘም። የመደብሩ ሰዎች ግን አና ዳ ሲልቫ በቅርብ ባለ የጥንት ዕቃዎች መሸጫ ውስጥ እንደምትሠራ ነግረው ላኩት። ሄዶ አገኛት፤ እሷም በኋላ አንድ ቅጂ በፖስታ ሰደደችለት። ይህን ታሪክ ኮቤይን ራሱ በ1992 በወጣው የኒርቫና የስብስብ አልበም ሽፋን ላይ ጽፎታል። የሬይንኮትስ አልበሞችም ከዚያ በኋላ እንደገና ታተሙ፤ ባንዱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

«በሴት የሚመራ» የሚለው አገላለጽስ? ይህ የሙዚቃ ዓይነት አይደለም። ማይክሮፎኑ ጋር የቆመችው ማን እንደሆነች ይናገራል፤ ሌላ የሚናገረው ነገር የለውም። የኒው ዮርኩ ባንድ «ያ ያ ያስ» በ2003 ባወጣው የበኩር አልበሙ ላይ ድምፃዊቷ ካረን ኦ ትጮኻለች፣ ታቃስታለች፣ ቃሉን ትተፋዋለች፤ ባንዱ ቤዝ ጊታሪስት እንኳን የለውም። የእንግሊዙ ባንድ የሰንደይስ ድምፃዊት ሃሪየት ዊለር ደግሞ በ1990ው የበኩር አልበማቸው ከፍ ባለና በጠራ ድምፅ ታዜማለች። ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሸክላዎቹን ሰምቷቸው አያውቅም።

የሴት ድምፅ በሮክ ባንድ ውስጥ የሚያመጣው ጥያቄ ካለ የቀረጻ ጥያቄ ነው። የተዛባ የኤሌክትሪክ ጊታርና የድራም ሳህኖች ጉልበታቸውን የሚያወጡት የሰው ድምፅ ቃላቱን በሚያጠራበት የድምፅ ክልል ውስጥ ነው። በትንሽ አዳራሽ ውስጥ ጊታሪስቱ ማጉያውን ከፍ ካደረገ ድምፃዊቷ ወይ ትጮኻለች ወይ ትዋጣለች። ስቱዲዮ ውስጥ ምርጫ ይመጣል። ድምፁን እንደ ፖፕ ከሁሉም ፊት ማውጣት ይቻላል፤ ከጊታሮቹ ጋር እኩል አድርጎ አድማጩ ቃላቱን ፈልጎ እንዲያገኝ መተውም ይቻላል። ብዙ የኢንዲ ባንዶች ሁለተኛውን ይመርጣሉ። ትልቅ አሳታሚ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ይፈልጋል። የበኩር አልበም ሲሰማ ይህ ክርክር በማን አሸናፊነት እንዳለቀ ጆሮ ላለው ሰው አይሰወርም።

«ኢንዲ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉት ሁለቱ ትርጉሞች፣ የአሳታሚው ባለቤትነትና የሙዚቃው ድምፅ፣ ዛሬ ተለያይተዋል። የብሪታንያ የገለልተኛ አሳታሚዎች የሽያጭ ደረጃ ሠንጠረዥ በ2009 በተሻሻለው ደንቡ፣ አንድ አሳታሚ ቢያንስ ግማሽ ድርሻው ከትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ውጭ እንዲሆን ይጠይቃል። በዚህ መለኪያ ዘ ላስት ዲነር ፓርቲ የተባለው የለንደን ባንድ ኢንዲ አይደለም፤ አሳታሚው አይላንድ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ የሆነው የዩኒቨርሳል ንብረት ነውና። ባንዱ አንድም ዘፈን ሳይለቅ በለንደን መድረኮች ስሙን ተክሏል። የመጀመሪያ ነጠላ ዜማው በ2023 ወጣ፤ የበኩር አልበሙም በየካቲት 2024 በብሪታንያ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። ወዲያው «እነዚህን ኩባንያ ነው የፈጠራቸው» የሚል ሐሜት ተነሣ። ሐሜቱ ሰነፍ ነው። ማን እንደከፈለ ደንቡ ይመልሰዋል፤ ዘፈኖቹ ጥሩ ናቸው ወይ የሚለውን ግን አልበሙን ሳይሰሙ መመለስ አይቻልም። ወጣት ሴቶች በአንድ ጊዜ ሲሳካላቸው ይህ ጥርጣሬ እንዴት ፈጥኖ እንደሚመጣም ልብ ይሏል።

በተቃራኒው ዌት ሌግ የተባለውን ባንድ እንይ። ከእንግሊዟ ዋይት ደሴት የተነሡት ሪያን ቲስዴልና ሄስተር ቼምበርስ የፈረሙት ዶሚኖ ከተባለው ገለልተኛ አሳታሚ ጋር ነው። የአልበማቸው አብዛኛው ክፍል የተቀዳው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በ2021 ከመውጣቱ በፊት ነበር። ማንም ሳያውቃቸው፣ ማንም ምንም ሳይጠብቅባቸው ቀዱት ማለት ነው። በ2022 ሲወጣ አንደኛ ሆነ፤ በማግስቱ ዓመትም የግራሚ ሽልማት አገኘ።

ይህ ነፃነት ለሁለተኛው አልበም አይደገምም። ያኔ በዓመታት የተጠራቀመው ዘፈን አልቋል፤ አሳታሚው ቀን ይቆርጣል፤ አድማጩም የመጀመሪያውን እያሰበ ይጠብቃል። ሰንደይስ ላይ ከዚህም የባሰ ደርሷል። የበኩር አልበማቸው በብሪታንያ አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ሳለ፣ ያሳተመላቸው ራፍ ትሬድ በ1991 ወደቀ፤ አልበሙም ለጊዜው ከገበያ ወጣ። ሁለተኛውን በሌላ አሳታሚ በ1992፣ ሦስተኛውን በ1997 አወጡ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አልበም አላሳተሙም።