«ይሮጣል፣ ይበላል፣ ልቡ ደህና ነው»፦ ስለ ካቫሊየር የሚነገሩ ስህተቶች

ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል የተባለውን ትንሽ የውሻ ዝርያ የሚያሳድጉ ሰዎች ክሊኒክ ሲመጡ «ይሮጣል፣ ይበላል፣ ልቡ ደህና ነው» የምትለዋን ነገር ሳይሏት አይቀሩም። እውነቱን ልናገር፣ መስማት ሰልችቶኛል። ይህን ዝርያ በብዛት የሚገድለው የልብ በሽታ ለዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ነው የሚያድገው።

በግራ በኩል ያለው የልብ ቫልቭ እየወፈረ ይሄድና መግጠም ያቅተዋል። ደም ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ልብም እየተለጠጠ ይሄዳል። በሽታው ሌሎች ትናንሽ ዝርያዎችም ላይ አለ። ካቫሊየር ላይ ግን በዘር ስለሚወርድ ቶሎ ይጀምራል። 10 ዓመት ከሞላቸው ውስጥ ያልያዘው ማግኘት ይከብዳል።

«መድኃኒት ሲታመም ይጀምራል» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ በ360 ውሾች ላይ የተደረገ ጥናት አለ። ልባቸው ተለጥጦ ገና ምልክት ላላሳዩ ውሾች ፒሞቤንዳን የተባለው የልብ መድኃኒት ሲሰጣቸው የልብ ድካሙ በ15 ወር ገደማ ዘገየ። ለውሻ 15 ወር ብዙ ዕድሜ ነው! ልቡ ላልተለጠጠ ውሻ ግን አይታዘዝም። ስለዚህ ሐኪሙ በማዳመጫ የተለየ ድምፅ ከሰማ የልብ አልትራሳውንድ አስነሡ። ከጎረቤት ውሻ የተረፈ ክኒን እንዳትሰጡ።

«ካላሳለ ሰላም ነው» አትበሉ። ትንሽ ውሻ የትንፋሽ ቧንቧው ስለላላም ያስላል፤ ልቡ ደክሞ ሳንባው ውሃ የቋጠረ ውሻ ደግሞ ላያስል ይችላል። ይልቅ ትንፋሽ ቁጠሩ። እንቅልፍ ሲወስደው ደረቱን እዩ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ለ30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በደቂቃ ከ30 በታች መሆን አለበት። አንዲት ደንበኛዬ ማታ ማታ እየቆጠሩ ፍሪጅ ላይ በለጠፉት ወረቀት ይጽፉ ነበር። ሁልጊዜ 22 እና 24 የነበረው አንድ ምሽት 38 ሆነ። ደግመው ቢቆጥሩም ያው ነው። ሳል የለም፣ እራቱንም በልቷል። ይዘውት መጡ፤ ኤክስሬይ ስናነሣው ሳንባው ውሃ መያዝ ጀምሯል። የሚያሸናውን መድኃኒት እዚያው ጀመርንለት፣ ተርፎም ቤቱ ገባ።

«የሚያከው ቁንጫ ስላለበት ነው።» ሊሆን ይችላል። ግን ሲራመድ ቆም ብሎ እግሩ ቆዳውን ሳይነካ አየሩን የሚያክ ከሆነ፣ አንገቱ ሲነካ ወይም ሲያነሡት የሚጮህ ከሆነ ጉዳዩ የነርቭ ነው። የራስ ቅሉ የኋላ ክፍል ለአንጎሉ ይጠበዋል፤ ፈሳሹ እንደልቡ መፍሰስ ሲያቅተው ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ ጉድጓድ ይፈጠራል። ያማል። የሚያረጋግጠው ኤምአርአይ ነው። የአንገት ማሰሪያውን አውልቃችሁ በደረት የሚታሰረውን አድርጉለት። ጋባፔንቲን የተባለው የነርቭ ሕመም ማስታገሻ ከታዘዘለት ለሰው የተሠራውን ሽሮፕ አትስጡ፤ ብዙ ጊዜ ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ አለበት፣ ዛይሊቶል ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው።

«የዲኤንኤ ምርመራው ንጹህ ነው።» ለእነዚህ ሁለት በሽታዎች አስተማማኝ የዲኤንኤ ምርመራ የለም።

«የዘር ወረቀት አለው።» ወረቀቱ ስለ ዘሩ እንጂ ስለ ልቡ አይናገርም። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የቀረቡለትን የካቫሊየር ማራባቶች የእንስሳት ደህንነት ሕግን ይጥሳሉ ብሎ የወሰነው በዚሁ የጤና ጣጣ ነው። ቡችላ ስትገዙ የእናትና የአባቱን የልብ አልትራሳውንድና የኤምአርአይ ውጤት ጠይቁ። ሻጩ ካላሳያችሁ፣ ልጆቹ ቢያለቅሱም ትታችሁ ውጡ።