«ወይራ ያው ወይራ ነው»፦ ስለ ዛፍ ዘር የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሰኔ ገብቶ ችግኝ የጫነ አይሱዙ ወደ ደሴው ጦሳ ተራራ ዳገት ሲወጣ ባየሁ ቁጥር ዘሩ ከየት እንደተለቀመ እጠይቃለሁ፤ መልሱም ሁልጊዜ «ወይራ ያው ወይራ ነው» የሚል ነው። ስለ ሰው ሲሆን «ዘር ከልጓም ይስባል» እያለ የሚተርተው የደሴ ሰው ስለ ዛፍ ሲሆን ተረቱን መርሳቱ፣ በችግኝ ሥራ ለሸበተ ሰው እጅግ አታካች ነው።

ደሴና ኮምቦልቻ የሚራራቁት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ በከፍታ 600 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ አየሩ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ የሙቀት ልዩነቱ ከ3 ዲግሪ ያልፋል። ወይራ በሁለቱም ቦታ ይበቅላል፤ ነገር ግን በላይኛው ውርጭን ያልቻለው ችግኝ ዘር ሳይተካ በለጋነቱ ሲሞት፣ በታችኛው ደግሞ ረጅሙን በጋ ያልቻለው ሲደርቅ፣ ይህም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲደጋገም፣ በየቦታው የሚበረክቱት የዘረ-መል (ጂን) ዓይነቶች እየተለያዩ ይሄዳሉ። ልዩነቱ የአፈር እንጂ የዘር አይደለም የሚል ሰው ካለ፣ ከተለያየ ቦታ የተለቀመን ዘር በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ተክሎ ማየት ይችላል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ-አንድሬ ደ ቪልሞረን እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ስኮትስ ፓይን በተባለው ዛፍ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ከዚያ ወዲህ በተደረጉ መሰል ሙከራዎች ከሰሜን የመጣው ዛፍ የቀኑን ማጠር አይቶ እድገቱን ቀደም ብሎ ሲያቆም፣ ከደቡብ የመጣው ግን ብርዱ እስኪደርስበት ማደጉን ሲቀጥል ታይቷል። በዚያችው ፈረንሳይ፣ ላንድ በተባለው አካባቢ፣ ከኢቤሪያ (ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር) በመጣ ዘር የለማ በአሥር ሺዎች ሄክታር የሚቆጠር የፓይን ደን እ.ኤ.አ. በ1985 ብርድ ጠፍቷል፤ ያም ደን እስከዚያች ሌሊት ድረስ «ያው ፓይን» ነበር።

እኔም ከዚህ አላመለጥሁም። ከአንድ ችግኝ ጣቢያ የገዛሁት፣ ዘሩ ከኮምቦልቻ በታች ካለ ሞቃት ተረተር የተለቀመ ወይራ በመጀመሪያው ክረምት የጦሳውን ተወላጅ በቁመት በልጦት ጎረቤት ሁሉ አመሰገነኝ። ኅዳር ላይ ውርጭ ወረደ፤ የእንግዳው ጫፍ ጠቆረ፣ ተወላጁ ግን ቅጠሉ እንኳ አልተነካም። አንድ ማሳ ሙከራ እንደማይባል አውቃለሁ፤ ሆኖም ያየሁት ከላይ ከተባለው ጋር አይጣላም።

«ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ በቅሎ የለም?» የሚለውም አይታክተውም። በቅሏል፤ ገበሬው ግን ነጩን ለደጋ፣ ቀዩን ለቆላ መርጦ ነው። ቀዩም ቢሆን ዘሩ ከአውስትራሊያ የትኛው ክፍል እንደመጣ ያስለያየዋል።

«ችግኙ ቀስ በቀስ ይለምደዋል» የሚሉ አሉ። አንድ ዛፍ ሥሩን ሊያጠልቅ፣ ቅጠሉን ሊያሳንስ ይችላል፤ ይህን የሚያደርግበት ወሰን ግን በውርሱ የተቀመጠ ነው። የሚላመደው ግለሰቡ ዛፍ ሳይሆን ትውልዱ ነው፣ እሱም ያልቻሉት እየሞቱ። ኖርዌይ ስፕሩስ በተባለው ዛፍ ላይ ዘሩ የበሰለበት ሙቀት የልጆቹን የእድገት ማቆሚያ ጊዜ እንደሚያዘገይ መታወቁ እውነት ቢሆንም፣ ይህ የቆላውን ዛፍ የደጋ አያደርገውም።

«ድርቅን የሚቋቋመውን አንዱን ዘረ-መል ማግኘት ነው» ለሚለው አጭር መልስ አለ፦ እንዲህ ያለው ባሕርይ በአብዛኛው የሚወሰነው እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት በሚያዋጡ ብዙ ዘረ-መሎች ነው።

«ከአንዱ ሸጋ ዛፍ ብቻ ልቀም» የሚለው ምክር ደግሞ ጉዳቱ ቆይቶ ይታያል። ወንድምና እኅት የሆኑ ችግኞች አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ ዘራቸው ይደክማል። ስለዚህ ቢያንስ 50 ሜትር ከሚራራቁ 30 ያህል ዛፎች መልቀም ይገባል። ጽድ በአብዛኛው ወንዱና ሴቱ የተለያየ በመሆኑ፣ ፍሬ የለውም ብሎ ወንዱን የሚቆርጥ ሰው የሴቶቹን ዘር አባት እየቆረጠ መሆኑን ይወቅ።

የመጨረሻው ስሕተት የእኛው የባለሙያዎቹ ነው፤ «የአካባቢው ዘር ምንጊዜም ይበልጣል» እንላለን። የቀሩት ዛፎች በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያሉ ጥቂት ዘመዳሞች ከሆኑ ግን አይበልጥም፤ አየሩም እየሞቀ ነው። ስለዚህ በተወላጁ ዘር ላይ ጥቂት ዝቅ ካለ ቦታ የመጣ ቀላቅዬ መትከል ጀምሬአለሁ፤ በየከረጢቱም ላይ የተለቀመበትን ቦታ፣ ከፍታውንና ወሩን እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ቦታ በተላከልኝ ከረጢት ላይ ግን የተጻፈው «ወይራ» ብቻ ነበር።